«ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ተዪው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ አቅርቤዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? 9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ነኝ። ከክፍሎቼ አንዱ 62 ተማሪ አለው። ታች ክፍል እያሉ ገሚሶቹ በኦሮምኛ፣ ገሚሶቹ በአማርኛ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ በሶማልኛ የተማሩ ናቸው። አሁን ሁሉም በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ሳስረዳ ዝም ብለው ያዩኛል። ‹ገባችሁ?› ስላቸው ‹አዎ ቲቸር› ይላሉ፣ በኅብረት። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲታረም ግን 41ዱ ከግማሽ በታች አመጡ። ርዕሰ መምህሩ ውጤት አሻሽዪ ይሉኛል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ‹በጎማ ካልሆነ አይሰሙሽም› ይላሉ። አንዲት ልጅ ደግሞ በየቀኑ ዴስኳ ላይ ተደፍታ ትተኛለች። ምን ላድርግ? ጎበዞቹን ብቻ ይዤ ልሂድ? ወይስ ሙያውን ልተወው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ማታ አነበብኩት፣ ጠዋት ደገምኩት። አንቺ ማለቴን ፍቀጂልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። ደግሞም ድሬ ላይ አንቱታ ቶሎ ይረግፋል።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ፈተና በሚታረምበት ሳምንት ሙያ ስለመተው አይወሰንም። እኔም በየዓመቱ ጥር ላይ ትቼው ነበር፤ በየዓመቱ የካቲት ላይ ተመልሻለሁ። እሱን እናቆየው። ደመወዝሽን ልጨምርልሽ አልችልም። ክፍሉንም ከ62 ወደ 40 አላወርድልሽም። በእጅሽ ስላለው እናውራ።

ከጻፍሽው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው «አዎ ቲቸር፣ በኅብረት» የምትለው ላይ ነው። ይቺን መልስ አውቃታለሁ። 11 ዓመት ስሰማት ኖሬያለሁ። ሰሌዳውን እሞላለሁ፣ እጄን ከቾኩ አራግፋለሁ፣ ዞር ብዬ «ገባችሁ?» እላለሁ። «አዎ!» ይሉኛል። ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ፈተና ሲመጣ ሌላ ጉድ ነው። «ዋሽተውኛል» ብዬ እናደድ ነበር።

አልዋሹም። እስኪ አንቺ በዚያ ዴስክ ተቀመጪ። ሦስት ሆነው ታጭቀዋል። ሰዓቱ 9 ሰዓት ነው፣ ቆርቆሮው ይግላል። 61 ጓደኛ ባለበት እጅ አውጥቶ «አልገባኝም» ማለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስቢው። ከኋላ አንዱ «አቦ አታድርቀን!» ይለዋል። ክፍሉ ይስቃል። ልጁ እስከ ሰኔ ድረስ መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ልጁ እንዳልገባው ራሱም አለማወቁ ነው። አንቺ ሰሌዳ ላይ ስትሠሪው ነገሩ ቀላል ነው፤ አንዱ መስመር ሌላውን ተከትሎ ይመጣል። እናቷ እንጀራ ስትጋግር ስታይ ያደገች ልጅ መጋገር የምትችል ይመስላታል። ምጣዱ ፊት ብቻዋን ስትቀመጥ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ስለዚህ የት እንደደረሱ አትጠይቂያቸው። እዪ። ፈተናው ከመምጣቱ በፊት፣ ገና ማስተካከል ሲቻል እዪ። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ የዚችው የአንዷ ነገር ዝርዝር ነው።

እንዴት እንደጀመርኩት ልንገርሽ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ኔጋቲቭ ቁጥሮችን ጨርሻለሁ። ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ከደብተራችሁ አንድ ወረቀት ገንጥሉና ለአራት ተካፈሉት» አልኳቸው። ሰሌዳው ላይ −3 − 5 ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም የለም። «መልሱን ጻፉ፣ ስማችሁን ጻፉ፣ ስትወጡ ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት። ማርክ የለውም።» ማርክ የለውም ስል ተያዩ። «ታዲያ ለምኑ ነው ቲቸር?» አለ አንዱ። መልስ አልነበረኝም።

ቤት ሄጄ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ዘረገፍኩት። ባለቤቴ ሆጃ አፍልታ አመጣችልኝ። የመጀመሪያውን ወረቀት አነሳሁ፤ 8። ሁለተኛው፤ 8። ሦስተኛው −8፤ ተመስገን። አራተኛው 8፣ አምስተኛው 8፣ ስድስተኛው 2። አንዱማ 8 ብሎ ከጻፈ በኋላ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ማይነስ በማይነስ ፕላስ ነው» ብሎ አስረድቶኛል፤ እንዳልሳሳት አዝኖልኝ። ሳቄ መጣ። ባለቤቴ «ምን ተገኘ?» አለች። ልነግራት ስል አፈርኩ። ያችን ሕግ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። እንደ ዜማ ሳስደግማቸው ከርሜያለሁ። እነሱም ጥርት አድርገው ይዘዋታል። ለማባዛትና ለማካፈል ብቻ እንደሆነች ግን አልነገርኳቸውም፤ ወይም ነግሬያቸው አልሰሙኝም። ከግማሽ በላይ የሆነው ክፍል ሰነፍ አልነበረም። አንዲት ሕግ ያለ ቦታዋ ገብታ ነበር፣ በቃ።

ልዩነቱን ልብ በዪልኝ። ፈተናው የሚነግረኝ «ይህ ልጅ 34 አመጣ» ብሎ ነው። 34ን ይዤ ምን አደርጋለሁ? ወረቀቷ ግን ነገ ገብቼ ምን እንደማስተምር ነገረችኝ።

በማግስቱ ቾክ አላነሳሁም። «ሰፈራችሁ ካለው ሱቅ የ3 ብር ዱቤ አለባችሁ። ዛሬ ደግሞ የ5 ብር ዕቃ በዱቤ ወሰዳችሁ። ስንት ሆነ?» አልኩ። ከኋላ ተኝቶ የሚውል አንድ ልጅ ቀና ብሎ «8 ብር ዕዳ!» አለ። «ዕዳ በምን ምልክት ይጻፋል?» ዝም። ቆይታ አንዷ «በማይነስ» አለች። «ታዲያ እዚህ ውስጥ የተባዛ ነገር አለ?» ክፍሉ «ኦኦኦ!» አለ። ያ «ኦኦኦ» ከስንት «አዎ ቲቸር» ይበልጣል።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመጨረሻዋ አምስት ደቂቃ፣ በሩብ ወረቀት፣ አንድ ጥያቄ። 62 ወረቀት እንዴት አርሜ እዘልቃለሁ እንዳትዪ። አታርሚውም። ቀይ እስክሪብቶ አታንሺ። እያየሽ ብቻ ሦስት ቦታ ከምሪው፤ የገባቸው፣ አንድ ቦታ ላይ የተሰናከሉ፣ ጭራሽ ያልጀመሩ። ሩብ ሰዓት ቢወስድብሽ ነው። የመሃለኛው ክምር የነገ ትምህርትሽ ነው። የሦስተኛው ክምር ስሞች ደግሞ ማስታወሻሽ ላይ ይግቡ፤ እነሱን ክፍል ውስጥ ስትዘዋወሪ አጠገባቸው ትቆሚያለሽ። በአንዱ ክፍል ብቻ ጀምሪ። ሁሉም ሴክሽን ላይ በአንዴ ልሞክር ካልሽ በሁለተኛው ሳምንት ትተዪዋለሽ። ከራሴ ነው የማውቀው።

የጥያቄዋ አመራረጥ ላይ ነው ጥበቡ ያለው። ተማሪ ተሳስቶ ሊሄድባት የሚችል መንገድ ያላት ጥያቄ ትሁን። 3ኤክስ + 5 = 20 ብትያቸው 8ኤክስ = 20 ብለው የሚጀምሩ ልጆች አሉሽ። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ብትያቸው ሁለት አምስተኛ የሚሉሽ አሉ፤ 9ኛ ክፍል ደርሰው። ላይ ከላይ፣ ታች ከታች መደመር ነው። አትደንግጪ። «ይሄማ የታች ክፍል ነው» ብለሽም አትለፊው። 15 ደቂቃ ብትሰጭው ይስተካከላል። ያንን ካልሰጠሽው ግን ዓመቱን ሙሉ የምትሠሪው አልጀብራ ሁሉ አሸዋ ላይ ነው።

«ፖርሽን ይጓተትብሻል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ትንሽ ይጓተታል። እኔ ግን ፖርሽን ሸፍኜ ልጆቹን ሜዳ ላይ የጣልኩበት ዓመት ብዙ ነው።

ሌላው ነገር መጠበቅ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክፍል ውስጥ የተቀዱ ትምህርቶችን እያዳመጠች አንድ ነገር ለካች። መምህር ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሰከንድ ይጠብቃል? አንድ ሰከንድ ገደማ ነው ያገኘችው። ከዚያ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራል ወይ ራሱ ይመልሰዋል። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ በተጠበቀበት ክፍል ግን የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ምንም ሳይመልሱ መቅረት ቀነሰ፣ ደካማ የተባሉትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ምንም አይመስልም። ሰሌዳ ፊት ቆመሽ ሞክሪው፣ ዓመት ነው። እኔ እጄን ወደኋላ አድርጌ በጣቶቼ እቆጥር ነበር፤ ካልሆነ አፌ አያስችለውም። ያንቺ ልጆች ደግሞ ጥያቄውን ከእንግሊዝኛ ወደ ቤታቸው ቋንቋ ወስደው፣ አስበው፣ መልሰው በእንግሊዝኛ ማምጣት አለባቸው። ስለዚህ አንቺ ስድስት ቁጠሪ።

ሁሌ እጅ የሚያወጡትን ስድስት ልጆችም እስኪ አሳርፊያቸው። የ62ቱን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ክተቺ። መጀመሪያ ጥያቄውን ጠይቂ። ጠብቂ። ከዚያ ስም አውጪ። ስሙን አስቀድመሽ ከጠራሽ 61ዱ እፎይ ብለው ያርፋሉ። ስሙ የወጣ ልጅ ካላወቀ «ጓደኛዬን ልጠይቅ» የማለት መብት ይኑረው፤ ጠይቆ ግን ራሱ ይመልስ። በተሳሳተ ልጅ የሚሳቅ ከሆነ ይሄ ሁሉ ዋጋ የለውም። ሳቁን በመጀመሪያው ቀን ቁረጪው፣ በቁጣ ሳይሆን በሥራ። እኔ አንዳንዴ የተሳሳተውን መልስ ያለ ስም ሰሌዳ ላይ እጽፈውና «ይሄን የጻፈው ልጅ ምን አስቦ ነው?» እላለሁ። ስህተቱ እንቆቅልሽ ይሆናል። ሁሉም ይፈታል። ባለቤቱም አብሮ ይፈታል፤ ፊቱን ብቻ እንዳታዪው።

አሁን ወደ ቋንቋው። አንቺ እንደ ችግር ጽፈሽዋል። ቅዳሜ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ሂጂና አንዲት የ14 ዓመት ሻጭ አጠገብ ቁሚ። ለአንዷ ደንበኛ በኦሮምኛ፣ ለአንዱ በሶማልኛ፣ ለአንቺ በአማርኛ ዋጋ ትነግርሻለች። መልሱን በልቧ አስልታ ትሰጥሻለች። አንድ ብር አትሳሳትም። ይቺው ልጅ ክፍልሽ ውስጥ «ስሎፕ» (የመስመር ተዳፋት) ስትዪ ትፈዛለች። ጭንቅላቷ የቆመ መስሎሽ ነበር? ቃሉ ነው የቆመባት።

ስለዚህ አስቀድመው በሚቀላቸው ቋንቋ እርስ በርስ ያውሩበት። ሁለት ደቂቃ። አንቺ ሁሉንም ባትሰሚው ችግር የለም። የኔ ሶማልኛ ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም ነበር። ትልቅ ካርቶን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና ዋና ዋናዎቹን ቃላት በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ቫሪየብል፣ ኢኩዌሽን፣ ስሎፕ፣ ፋክተር። አጠገባቸው የኦሮምኛ፣ የሶማልኛና የአማርኛ ቦታ ተውኩ። ልጆቹ ሞሉት። አንድ ቀን ሁለት የሶማሌ ልጆች በአንድ ቃል ላይ ሲከራከሩ ክፍለ ጊዜው አለቀ። አንደኛው «የሷ የጅጅጋ ነው» ይላል፣ ሌላዋ «የሱ የገበያ ነው» ትላለች። አልቆጨኝም። ስለ ስሎፕ 40 ደቂቃ ተከራክረው ስሎፕን የሚረሳ የለም። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ፈተናው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ወሬው በየትኛውም ቋንቋ ይጀመር፣ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጽፈው ይውጡ።

የአንድ ለአምስት ቡድን ሳይኖርሽ አይቀርም። ያው እንደምታውቂው አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ይገለብጣሉ። ቡድኑን ማፍረስ ላይፈቀድልሽ ይችላል፤ ግን በውስጡ ሁለት ሁለት አድርጊያቸው። አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፤ እስክሪብቶው ያልገባው ልጅ እጅ ላይ ይሁን። የገባው በአፉ ብቻ ይናገር። መጀመሪያ ላይ ጎበዞቹ እጃቸውን ይበላቸዋል፤ እስክሪብቶውን ይነጥቃሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ማስረዳት ከመሥራት እንደሚከብድ ይገባቸዋል። «ጎበዞቹን ብቻ ይዤ ልሂድ?» ላልሽው መልሴ እዚሁ ውስጥ አለ። ጎበዝ የምትያቸውን «ለምን?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ግማሾቹ መንገዱን ሸምድደው እንጂ ገብቷቸው እንዳልሆነ ታያለሽ። ለሌላ ሰው ሲያስረዱ ነው እነሱም የሚነቁት።

ደብተር ስታርሚ ደግሞ ማርኩን ቀነስ፣ ቃሉን ጨመር አድርጊ። ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ እስራኤል ውስጥ ሠርታ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት ለገሚሱ ተማሪ ማርክ ብቻ፣ ለገሚሱ የጽሑፍ አስተያየት ብቻ፣ ለቀሪዎቹ ሁለቱንም ሰጥታ ነበር። የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ማርኩን አይተው ሌላውን ትተውታል። እኛም እንዲሁ ነበርን፤ ከ10 ስንት እንዳገኘን አይተን ደብተሩን እንከድን ነበር። የ62 ልጅ ደብተር ላይ ደብዳቤ ጻፊ አልልሽም። በቀን አሥር ደብተር፣ በየደብተሩ አንድ መስመር፦ «ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱ ምን ሆነ?» ይበቃል።

ሙቀቱን ዋጥ አድርጎ ማለፍ አይቻልም። የከሰዓት ፈረቃ በሚያዝያና በግንቦት ድሬ ላይ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ከባዱን ነገር የመጀመሪያዋ 15 ደቂቃ ላይ አድርጊው። ከዚያ በኋላ ይሥሩ፣ ይንቀሳቀሱ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ግማሽ ክፍልሽ ውሃ ሳይቀምስ ነው የሚቀመጠው፤ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ድንገተኛ ፈተና መስጠት ጭካኔ ነው። በዐቢይ ጾምም የሚጾሙ አሉ። ቀኑን ትንሽ ማዛወር ምንም አይጎዳሽም።

ስለምትተኛዋ ልጅ ከመናገሬ በፊት የራሴን ጥፋት ልንገርሽ።

ፊት ወንበር ላይ የሚተኛ ልጅ ነበረኝ። ከኋላ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ፊቴ ላይ መተኛቱ እንደ ንቀት ታየኝ። አንድ ቀን ዴስኩን በዳስተር መታሁት። ደንግጦ ተነሳ፣ ክፍሉ ሳቀ። «እንቅልፍህን ቤትህ ሄደህ ተኛ!» ብዬ አስወጣሁት። ልጁ አልተከራከረም። ደብተሩን ይዞ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። እኔም አልጠየቅኩም፤ እውነቱን ለመናገር ክፍሉ ሰላም አግኝቶ ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ለአዲስ አበባው አውቶቡስ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣሁ። ለመንገድ ዳቦ ልግዛ ብዬ መብራት ወዳለበት ዳቦ ቤት ጎራ አልኩ። ምድጃው ፊት የቆመው እሱ ነው። ቅንድቡ ዱቄት ለብሷል። ዳቦ የሚያወጡበትን ረጅም እንጨት ይዟል። «ቲቸር፣ ትኩስ ነው፣ ትንሽ ይቆዩ ይብረድልዎ» አለኝ። ምሽት ገብቶ እስኪነጋ ነው የሚሠራው። ሂሳቡን ስሰጠው አልቀበልም አለኝ። ዳቦውን እስከ አዋሽ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ፤ መብላት አልቻልኩም። ስመለስ ፈልጌው ሄድኩና ወደ ክፍል ተመለሰ። ግን ብዙ አምልጦት ነበር። ያን ዓመት ደገመ።

ልጅቷን ለብቻዋ አግኚያት። ስታፍ ውስጥ አይደለም፤ እዚያ ጆሮ ይበዛል። ከክፍል ስትወጡ አብረሻት እየሄድሽ ይሁን። «ለምን ትተኛለሽ?» አትበያት፤ እሱ ክስ ነው። «ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ጠዋትስ ስንት ሰዓት ትነሻለሽ?» በያት። ሁለቱ ቁጥሮች ብዙውን ይነግሩሻል። የከሰዓት ፈረቃ ልጅ ጠዋቱን ጉሊት ላይ ውላ ሊሆን ይችላል። ቁርስ ሳትበላ መጥታም ሊሆን ይችላል። ታናናሾቿን አሳድራ፣ ውሃ ቀድታ ሊሆን ይችላል። አየር ወዳለበት፣ በሩ አጠገብ አስቀምጫት። ከእንቅልፏ ስትነቃ ያመለጣትን የምታሳያት አንዲት ጓደኛ መድቢላት። ወረቀቷን ግን እንደማንም ትስጥ፤ አዝኜላት ነው ብለሽ ከሥራው አታስቀሪያት። ነገሩ ቤት ውስጥ ያለ ጥቃት ወይም የጋብቻ ጉዳይ ሆኖ ካገኘሽው ብቻሽን አትያዢው። የክፍል ኃላፊዋን፣ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ወይም የሴቶች ክበቡን የምትይዘውን መምህርት በዚያው ቀን አነጋግሪ።

ጎማውን በተመለከተ አጭር ነው መልሴ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አላቸው። ሕጉ ባይኖርም፣ −3 − 5ን 8 ያለ ልጅ ቢገረፍ ምኑ ይስተካከላል? ያችን ሕግ ይበልጥ በፍርሃት ይሸመድዳታል። ባልደረቦችሽን ግን አትጣዪያቸው። እነሱም በዚያ ሙቀት ነው የሚውሉት።

ርዕሰ መምህሩ የሚያስጨንቁሽ እሳቸውም ከላይ ስለሚጠየቁ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው ስለ ውጤት ነው የሚያወራው። ባዶ እጅሽን ቢሮ አትግቢ። «በዚህ ጥያቄ ከ62ቱ ይህን ያህሉ ተሰናክለው ነበር፤ ደግሜ አስተምሬ ስጠይቅ እዚህ ደረሱ» የምትዪባቸውን ሁለት ክምር ወረቀቶች ይዘሽ ግቢ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግፊላቸው። ለራሳቸው ሪፖርት ስለሚጠቅማቸው ይወዱታል።

ልጆችሽም እነዚያን ቁጥሮች ያውቋቸዋል። «ማንም ላያልፍ ምን ያደክመኛል፣ ታይዋን ገበያ ገብቼ ሞባይል ብሸጥ ይሻለኛል» የሚል ልጅ ከኋላ መደዳ አይጠፋሽም። በንግግር አትመልሺውም። የ20 ደቂቃ የማበረታቻ ንግግር አድርጌ አውቃለሁ፤ ሲያልቅ አጨበጨቡ፣ የተለወጠ ነገር ግን አላየሁም። በዚያ ላይ ታይዋን ውስጥ ነግዶ ከእኔና ካንቺ የተሻለ የሚኖር ሰው ልጁ በዓይኑ ያያል፤ ምን ብለሽ ትከራከሪዋለሽ? የራሱን ለውጥ ብታሳዪው ግን ይሰማሻል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሰኞ ጀምሪ። ጥያቄው −3 − 5 ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ቀን 62 ወረቀት ከምረሽ ስትጨርሺ እንዳትጥዪው። በላስቲክ አስረሽ ከመሳቢያሽ ውስጥ አስቀምጪው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ያንኑ ጥያቄ ደግመሽ ስጫቸውና፣ ሲጨርሱ የድሮውን ወረቀት ለየባለቤቱ መልሺለት። የሚሉትን ጻፊልኝ።